በጨቅላነቱ የተበደለ ልጅ፦ ጉዳቱን ማየት፣ ማሳከም፣ ማሳደግ

ይህን መመሪያ ያዘጋጀነው ወሎ ውስጥ ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በእጃቸው ላለ ሰዎች ነው፤ ለጤና ኬላ ባለሙያዋ፣ ለኦ ክፍል መምህሯ፣ ልጇ ዐረብ አገር ሄዳ የልጅ ልጅ ለምታሳድግ አያት፣ የሟች እኅቱን ልጅ ለተረከበ አጎት። ስለ በደል ሲነሣ ወሬው ቶሎ ወደ ጥፋተኛው ይሄዳል፤ ልጁ ግን ጥፋተኛው ታሰረም አልታሰረም ነገ ጠዋት መብላት፣ መጫወት፣ ማታም መተኛት አለበት። ዓመለ ክፉ፣ ደንባራ፣ ዘገምተኛ የሚባሉት ልጆች ብዙዎቹ አደጋው ካለፈ በኋላም ሰውነታቸው ከሥጋት ያልወጣ ናቸው። እንዲህ ያለውን ልጅ ማወቅና መርዳት ዲግሪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ምን መታየት እንዳለበት ማወቅና በየቀኑ ሳያቋርጡ ማድረግ ነው።

በደል የምንለው

አራት መልክ አለው፦ አካላዊ፣ ስሜታዊ፣ ወሲባዊና ቸልተኝነት። አካላዊው ኩርኩም፣ ቁንጥጫ፣ አለንጋ፣ ጠጠር ላይ ማንበርከክ ነው። በርበሬ ማጠን ግን ለብቻው መነሣት አለበት። የሚቃጠል በርበሬ ጢስ የአየር ቧንቧን ያኮማትራል፤ አስም ያለበት ልጅ ወይም ጨቅላ ሕፃን በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ሊያጥረው፣ ሊሞትም ይችላል። ስሜታዊው በደል ጠባሳ ስለማይተው ማንም አይቆጥረውም፦ ቀን ከሌት «አንተን ብሎ ልጅ» መባል፣ በጅብ መሸበር፣ «ለማኝ እሰጥሃለሁ» መባል፣ ከነጭራሹ የሚያናግረው ማጣት። ሴት ልጅን መግረዝና ያለ ዕድሜ መዳርም ከዚሁ አይወጡም፤ እንጥል ማስቆረጥና የሕፃን ድድ እየፈለፈሉ ጥርስ ማውጣትም ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን እንደሚያስከትሉ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

በቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚበልጠው ቸልተኝነት ነው፤ ይህ ደግሞ ከድህነት ጋር በቀላሉ ይምታታል። በልግ ሲቀር፣ ደጋው ላይ ገብሱን ውርጭ ሲመታው፣ ቆላው ላይ ማሽላው ሲደርቅ ቤቱ በሙሉ ይራባል። ያ በደል አይደለም፤ የሚፈልገውም እህል እንጂ ወቀሳ አይደለም። የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ ቤት ውስጥ ካለው ለዚህ ልጅ ምን ደረሰው? የሌሎቹ ልጆች ክንድ ደህና ሆኖ የአንዱ ብቻ ከከሳ፣ ሌሎቹ ተከትበው እሱ ብቻ ካልተከተበ፣ ሌሎቹ መደብ ላይ ተኝተው እሱ ብቻ ደጃፍ ከተኛ፣ ነገሩ ከጎተራው አይደለም። በብዛት እንዲህ የሚሆነው የእንጀራ ልጅ፣ በአደራ የተቀመጠ ልጅ፣ አካል ጉዳተኛ ልጅ ወይም ከገጠር መጥቶ ከተማ ዘመድ ቤት የሚላላክ ልጅ ነው።

ሰውነት ውስጥ የሚሆነው

የሰው አእምሮ በሁለት ዓመት ዕድሜ የአዋቂውን መጠን 80 በመቶ ገደማ፣ በአምስት ዓመት 90 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ በነርቭ ሴሎች መካከል የሚዘረጋው ግንኙነት የሚጠነክረው በመደጋገም ነው። ሕፃኑ «አ» ሲል የሚመልስለት፣ ሲስቅ የሚስቅለት፣ ሲያለቅስ የሚያነሣው ካለ መስመሩ ይጸናል፤ መልስ ያጣው መስመር እየከሰመ ይሄዳል። የተቸገረ ቤት ሆኖ የሚጫወትለት ሰው ያለው ሕፃንና ጠግቦ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ የሚያይ ሕፃን በሦስት ዓመታቸው ሲናገሩ ልዩነታቸው ይሰማል።

ልጅ ሲፈራ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖች ይለቀቃሉ። ልቡ ይመታል፣ ጡንቻው ይጠጥራል፣ ሆዱ ምግብ መፍጨቱን ይቀንሳል። የሚያባብለው ሲያገኝ ሆርሞኑ ይወርዳል፤ ይህ ጤነኛ ፍርሃት ነው፤ ልጁንም አይጎዳውም። ጉዳቱ የሚመጣው የሚያባብል ሲጠፋ፣ ይልቁንም የሚያስፈራው ሰውና የሚያባብለው ሰው አንድ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ አደጋን የሚጠብቀው የአእምሮ ክፍል፣ አሚግዳላ፣ በትንሹም በትልቁም ይነሣል። ለማስታወስና ለመማር የሚያገለግለው ሂፖካምፐስ ይጎዳል። ስሜትን የሚገታው የግንባር ክፍል ደግሞ እድገቱ ይዘገያል። በሩ ጓ ሲል የሚበረግግ፣ የተነገረውን ወዲያው የሚረሳ፣ ትንሽ ሲነኩት የሚፈነዳ ልጅ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ግን አይፈነዳም። ለረጅም ጊዜ ችላ በተባሉ ልጆች ላይ ጠዋት ከፍ ማለት የነበረበት ኮርቲሶል ዝቅ ብሎ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ እነዚህ ልጆች ዝም ያሉ፣ የማያለቅሱ፣ «ጨዋ» የሚባሉ ናቸው። ከጮኸው ልጅ ይልቅ እኛን የሚያሳስቡን እነሱ ናቸው፤ ማንም ወደ ጤና ጣቢያ አያመጣቸውም።

ቁመትም ይነካል። የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በከባድ እንቅልፍ ጊዜ ነው፤ ሌሊቱን በሰቀቀን የሚያድር ልጅ ይህን ያጣል። በቂ እየበሉ ቁመታቸው የቀረ፣ ከሚያስፈራቸው ቤት ሲወጡ ግን ያለ መድኃኒት ማደግ የጀመሩ ልጆች በሕክምና የታወቁ ናቸው። ሰውነት በሽታ የመከላከል አቅሙም ስለሚዛባ ጉንፋኑ፣ ተቅማጡ፣ የቆዳ ቁስሉ ይደጋገማል። ልጁ «ሆዴን» የሚለው ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ ሥጋት አንጀትን ያኮማትራል።

ዘግይቶ የሚታየውን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ፌሊቲና አንዳ የተባሉ ሐኪሞች ካሊፎርኒያ ውስጥ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ጥናት ነው። በልጅነታቸው አራትና ከዚያ በላይ ዓይነት መከራ ያዩ ሰዎች ምንም ካላዩት ይልቅ ለድብርት፣ ራስን ለማጥፋት ሙከራ፣ ለመጠጥ ሱስ፣ ለልብና ለሳንባ በሽታ በብዙ ተጋልጠው ተገኝተዋል። ቁጥሩ ስለ ብዙ ሰው ድምር የሚናገር ስለሆነ አንድን ልጅ ይዞ «ይህ አልቆለታል» ለማለት አያገለግልም። ወደ እኛ ሥራ የሚቀርበው በሮማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት የተደረገው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተጀመረው በዚህ ጥናት ማሳደጊያ ውስጥ ከነበሩ 136 ሕፃናት ግማሾቹ በዕጣ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ገቡ። ቤተሰብ ያገኙት በማሰብ ችሎታም ሰውን አምኖ በመቅረብም ከቀሩት የተሻሉ ሆኑ፤ ከሁለት ዓመታቸው በፊት የገቡት ደግሞ ይበልጥ። ስለዚህ «ትንሽ ከፍ ይበልና እንወስደዋለን» የሚለው የዘመድ ምክክር ልጁን ያስከፍለዋል።

ሰውነቱን ማየት

በቀን ብርሃን፣ ልብሱን አውልቆ፣ ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር። በጥቁር ቆዳ ላይ በለዝ በደንብ ስለማይታይ በእጅ ዳስሱ፤ ያበጠ፣ የሚሞቅ፣ ሲነካ የሚያመው ቦታ ፈልጉ። ድኾ ወይም ቆሞ የሚሄድ ልጅ ጉልበቱ፣ ቅልጥሙና ግንባሩ ቢበልዝ ወድቆ ነው ቢባል ያስኬዳል። ከአራት ዓመት በታች ባለ ልጅ ደረት፣ ሆድ፣ ጀርባ፣ መቀመጫ፣ ጆሮ ወይም አንገት ላይ በለዝ ካለ ግን፣ ከአራት ወር በታች ባለ ሕፃን ደግሞ የትም ቦታ ቢሆን፣ በሐኪም መታየት አለበት። ገና የማይገለበጥ ሕፃን ራሱን አያበልዝም። ያልቆመ ልጅ የጭን አጥንቱ ከተሰበረም እንዲሁ።

ቃጠሎ ዳሩን በማየት ብዙ ይናገራል። ጀበና የተደፋበት ልጅ ቃጠሎው ከላይ ሰፋ ብሎ ወደ ታች እየጠበበ ይወርዳል፤ ዳሩ ወጣ ገባ ነው፤ በዙሪያው የተረጨ ነጠብጣብ ይኖራል። እግሩ ሙቅ ውኃ ውስጥ ተነክሮ የተያዘ ልጅ ግን ካልሲ የተጠለቀ ይመስላል፤ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ በክር የተሠመረ የሚመስል ዳር አለው፤ ነጠብጣብም የለውም። የትኛውም ቢሆን መጀመሪያ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ አፍስሱበት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የቡና አተላ አታስነኩት፤ ሙቀቱን ያፍኑታል፣ ቁስሉንም ይበክሉታል።

ከሁሉ የሚሰወረው ሕፃን በንዴት ሲናጥ የሚደርሰው ጉዳት ነው። ከውጭ ምንም ላይታይ ይችላል፤ ውስጥ ግን በራስ ቅልና በአእምሮ መካከል ደም ይፈሳል። ሕፃኑ ትኩሳት ሳይኖረው ያስታውካል፣ ይደነዝዛል፣ አልጠባ ይላል፣ እርግብግቢቱ ይወጠራል፣ ሊንቀጠቀጥም ይችላል። የሕፃን ለቅሶ በስድስተኛውና በስምንተኛው ሳምንት ገደማ ወደ ጣሪያው ስለሚደርስ አደጋውም በዚያ ሰሞን ይበረታል። በለቅሶው ትዕግሥት ያለቀባት እናት ልጇን ጠፍጣፋና አስተማማኝ ቦታ ላይ በጀርባው አስተኝታ ለጥቂት ደቂቃ ደጅ ብትወጣ ልጇን አልተወችም።

በስሕተት ሰው እንዳይወነጀል ሁለት ነገር እወቁ። ብዙ ሕፃናት ወገባቸውና መቀመጫቸው ላይ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ምልክት ይዘው ይወለዳሉ፤ ይህ አያምም፤ እንደ በለዝም በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀለሙ አይለዋወጥም። ሁለተኛው ለሕክምና ተብሎ በብረት የተተኮሰ ወይም በዋግምት የተበጣ ጠባሳ ነው። ድርጊቱ ጎጂ ነው፤ ቤተሰቡ ግን ሊያድን አስቦ ያደረገው ስለሆነ አነጋገራችሁ ሌላ መሆን አለበት።

መለካት

ከ6 እስከ 59 ወር ላለ ልጅ የክንድ መለኪያ ሜትር ይበቃል። የግራ ክንዱን አጥፉና ከትከሻው ጫፍ አጥንት እስከ ክርኑ ጫፍ ያለውን እኩሌታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ክንዱን ዘርጉና ልቅ ብሎ ይንጠልጠል። ሜትሩን በምልክቱ ላይ አዙሩ፤ ቆዳውን ሳያጨብጥ ሳይላላም አንብቡ። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከባድ የምግብ እጥረት ነው፤ ከ11.5 እስከ 12.5 መካከለኛ። ከዚያ ሁለቱንም እግሮች ከላይ በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ያህል ተጫኑ፤ ጉድጓዱ ካልሞላ ክንዱ ወፍራም ቢሆንም እንኳ ልጁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። የተለመደው ስሕተት እኩሌታውን በዐይን መገመት ነው፤ ወደ ትከሻ ከፍ ካለ ክንዱ ይወፍርና የታመመው ልጅ ጤነኛ ይመስላል።

ፕለምፒ ነት (ለምግብ እጥረት በከረጢት የሚሰጠውን ምግብ) እየወሰደ ክብደት የማይጨምር ልጅ ሲኖር መጀመሪያ ምግቡ ለማን እየደረሰ እንደሆነ አጣሩ፤ ለወንድሞቹ ሊካፈል ወይም ሊሸጥ ይችላል። ሳንባ ነቀርሳና ኤች አይ ቪም ይመርመር። ያ ሁሉ ደህና ሆኖ ካልጨመረ የሚያጫውተው አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት በቀን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የተዘጋጀ ጨዋታ የሕክምናው አካል እንዲሆን ያዘዘው በከንቱ አይደለም። ብዙ ቦታ ግን ከረጢቱ ይታደላል፣ ጨዋታው ይረሳል።

እድገቱን ለማየት ጥቂት ነጥቦች ያዙ፦ በሁለት ወሩ ሰው ዐይቶ ይስቃል፣ በዘጠኝ ወሩ ያለ ድጋፍ ይቀመጣል፣ በአንድ ዓመት ከስድስት ወሩ ይራመዳል፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል ያገናኛል። የቀረበት ነገር ካለ በደል ነው ከማለታችሁ በፊት የጆሮ ችግር፣ የደም ማነስ፣ የሚጥል በሽታ እንደሌለበት ይመርመር፤ እንቅርት በሚበዛበት ደጋ ደግሞ ቤቱ አዮዲን ያለው ጨው ይጠቀም እንደሆነ ይጠየቅ። በዓመት ሁለቴ የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤ፣ ሁለት ዓመት ከሞላውም የሆድ ትል መድኃኒት መውሰዱን አረጋግጡ። በእኛ አስተያየት ጆሮው ሳይታይ «ደደብ» የሚባል ልጅ ብዛቱ ያሳዝናል።

የጠባዩ ምልክት በዕድሜ ይለያያል። ሕፃኑ ፊት አያይም፣ ሲያነሡት ይደርቃል ወይም እንደ ጨርቅ ይላላል። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያለው ወይ ከማንም አይጠጋም፣ ወይ ደግሞ ላየው እንግዳ ሁሉ እጁን ዘርግቶ ይሄዳል፤ ሰው ይህን «ሰው ወዳድ» ብሎ ያደንቀዋል፤ ከሚያውቀው ሰው ለይቶ የማይጠጋ ልጅ ግን ምልክት ነው። ከሦስት በላይ ያለው ዳቦ ይደብቃል፣ የተወውን ሽንት መልሶ ይሸናል፣ ያንኑ የድብደባ ጨዋታ በአሻንጉሊት ይደጋግማል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወልድያ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ በእቅፍ የነበሩ፣ ከዚያም ወዲህ ተኩስ ባልራቀው ወረዳ ያደጉ ልጆች በሠርግ ተኩስ መደብ ሥር ቢገቡ አትሳቁባቸው፤ የምትደግሱ ሰዎችም ጥይቱን ተዉት።

ልጁ ሲናገር

በተረጋጋ ቦታ፣ ሁለታችሁ ብቻ፣ ከሱ ቁመት እኩል ተቀምጣችሁ። «ምን ሆነ?» «ከዚያስ?» በሉና ዝም በሉ። «አጎትህ ነው አይደል የመታህ?» አትበሉ፤ ትንሽ ልጅ አዋቂን ደስ ለማሰኘት «አዎ» ይላል፣ በኋላም ፍርድ ቤት ቃሉ ይወድቃል። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁም አትማሉ። የሚባለው፦ «ስለ ነገርከኝ ጎበዝ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ ሊረዳን ለሚችል ሰው እነግራለሁ።» የተናገረውን በራሱ ቃል፣ ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ ያዙ። አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ካለ ሌላው አይጠይቀው፤ ጎረቤት፣ ርእሰ መምህር፣ ሊቀ መንበር፣ ሁሉም በየተራው ሲያስተርከው ልጁ ወይ ይዘጋል ወይ ታሪኩን ይለዋውጣል።

በዚያው ቀን መሄድ ያለበት

የወሲብ ጥቃት ከተጠረጠረ ልጁን አታጥቡ። ልብሱን ካወለቃችሁ በወረቀት ጠቅልሉት፤ ፌስታል እርጥበት ይይዝና ማስረጃውን ያበላሸዋል። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ በተጀመረ መጠን ይሻላል፤ 28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ቤተሰብ ሲመካከር፣ ሽማግሌ ሲሰበሰብ፣ ቅዳሜና እሑድ ሲያልፍ ይህ ሰዓት ያልቃል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሆስፒታል፣ ፖሊስ፣ ከዚያ ምክክር ነው። ለፖሊስና ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አብሮ ይነገራል።

ወሎ በሽምግልና የታወቀ አገር ነው፤ አስታራቂዎቹ አበጋሮች ደም ሲያደርቁ ኖረዋል፤ ይህ ክብር ይገባዋል። የተደፈረ ሕፃን ጉዳይ ግን በካሣና በእርቅ የሚዘጋ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 627 ዕድሜው ከ13 ዓመት በታች ከሆነ የተቃራኒ ጾታ ልጅ ጋር ግብረ ሥጋ የፈጸመ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ሽማግሌዎቹ ሊረዱ የሚችሉበት ሌላ ቦታ አለ፦ የልጁ ቤተሰብ ምስክር በመሆኑ እንዳይገለል፣ ልጁም በዳዩ ወዳለበት ቤት እንዳይመለስ ማስማማት። ቀላል ቅጣት የሚበዛበትን ቤት በተመለከተ ደግሞ የሃይማኖት አባትና የቅሬው (የዕድሩ) ሰብሳቢ ምክር ከወረቀት ማስጠንቀቂያ የበለጠ ይሰማል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ልጁን ስትረከቡ የሚያስፈልገው ነገ ምን እንደሚሆን ማወቅ ነው። የሚያበላው ሰው አንድ፣ የሚተኛበት ቦታ አንድ፣ የምግቡ ሰዓት የታወቀ ይሁን። ከአንዱ አጎት ወደ ሌላው ለወር ለወር ማዘዋወር ለዘመዶች ፍትሐዊ ይመስላል፤ ለልጁ ግን በየወሩ እናት መሞት ነው። ዳቦ የሚደብቅ ከሆነ አትንጠቁት፤ እሱ በሚደርስበት ቦታ ትንሽ ቆሎ በሳሕን አስቀምጡና ሲያልቅ ሙሉ። መደበቁ አብዛኛውን ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። ሽንቱን የሚሸና ከሆነ ሳይቆጡ ልብሱን ቀይሩ፤ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ሌሊት መሽናት በሽታ አይደለም፤ መግረፍ ሽንቱን ያባብሰዋል።

በቀን 15 ደቂቃ እሱ የመረጠውን ጨዋታ አብራችሁ ተጫወቱ፤ አትምሩት፣ አታርሙት፣ የሚያደርገውን ብቻ በቃል ተከተሉት። ጭቃ፣ ቆርኪ፣ ጠጠር ይበቃል። ቡና የሚፈላበት ሰዓት ለዚህ የተመቸ ነው፤ በየቀኑ ይመጣል፣ ቅደም ተከተሉም አይለወጥም። ልጁ ቄጤማውን ይጎዝጉዝ፤ ሲኒዎቹን አንድ በአንድ እየቆጠረ ረከቦቱ ላይ ይደርድር፤ አቦሉ ሲቀዳ የፈንዲሻውን ሳሕን እሱ ያዙር። ጀበናው በእናንተ በኩል፣ እሱ ከምድጃው አንድ ክንድ ርቆ ይቀመጥ። «አሁን ቶና ነው፤ ቀጥሎስ?» ስትሉት «በረካ» ብሎ ሲመልስ ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት እየለመደ ነው። ሲኒ ቢሰበር ስብርባሪውን አብራችሁ ልቀሙና ጨዋታው ይቀጥል፤ እሱ የሚጠብቀው ዱላ ነበር።

ሲፈነዳ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ አደገኛውን ነገር ከእጁ አርቁ፣ ዝቅ ብላችሁ ከጎኑ እንጂ ከፊቱ አትሁኑ፣ ድምፃችሁን አውርዱ፣ «አብሽር፣ እዚህ ነኝ» ከማለት በላይ አትናገሩ። ራሱ ካልመጣ አትያዙት። ሲበርድለት ውኃ ስጡትና ከዚያ በኋላ ብቻ ስለ ጥፋቱ በሁለት ዐረፍተ ነገር ተናገሩ፤ በጩኸቱ መካከል የሚሰጥ ምክር አይገባም። ክፍል ውስጥ ለእንዲህ ያለ ልጅ በሩን የሚያይበት፣ ጀርባው ግድግዳ የሆነ ቦታ ስጡት፤ ጨዋታ ከማቆማችሁ በፊት «ትንሽ ቆይተን እንገባለን» ብላችሁ አስጠንቅቁ። «ካስቸገርክ እመልስሃለሁ» የሚለው ዛቻ ግን ከምንም ይከፋል፤ ያለፈ በደሉን በአንድ ቃል ይቀሰቅሳል።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ልጁ እየባሰበት ሊሄድ ይችላል፤ ብዙ አሳዳጊ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ዝም ያለው ፈርቶ ነበር፤ አሁን ትታገሡት እንደሆነ እሱ እናንተን እየሞከረ ነው። ሥርዓቱን አትለውጡ። በተቃራኒው ደግሞ «ምስኪን ነው» ብሎ ወሰን ማጥፋት አለ፤ ወንድሙን ሲመታ ዝም የተባለ ልጅ ቤቱ ውስጥ የሚመራ ሰው እንደሌለ ይገባውና የበለጠ ይፈራል።

እናቱ ዐረብ አገር ከሆነች በኢሞ የምትደውልበት ቀንና ሰዓት የተወሰነ ይሁን፤ ለትንሽ ልጅ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ክሱን ሁሉ አጠራቅማችሁ በስልክ አታስቆጡት። «ነገ ትመጣለች» አትበሉ። ስትመለስ ልጁ ቢሸሻት ውለታ ቢስ ሆኖ አይደለም፤ ጥቂት ሳምንት አያቱ ባለችበት እናቱ ታብላው፣ ታጫውተው፣ ከዚያ ከአያቱ ይለይ። ቢቻል የመለየቱ ቀን ከትምህርት ቤት መክፈቻ ወይም ከግርግር በዓል ጋር አይግጠም።

ጸበልም ዱዓም ቤተሰቡ ከፈለገ ይሁን፤ ከሕክምናው ጎን ለጎን መሄድ ይችላል። የምንቃወመው ማሰርን፣ መምታትን፣ ማስጾምንና መድኃኒት ማስጣልን ነው።

አሳዳጊውም ይጠየቅ

የተበደለ ልጅ ያለበት ቤት ብዙ ጊዜ የደከመ አዋቂም አለበት። ጤና ባለሙያዋ ለእናቲቱ ወይም ለአያትየው ሁለት ጥያቄ ታቅርብ፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ብዙውን ጊዜ ከፍቶሽ ወይም ተስፋ አጥተሽ ነበር? ደስ ይልሽ የነበረው ነገር ደስታ ነስቶሽ ነበር? ለአንዱም ቢሆን «አዎ» ካለች ጤና ጣቢያ ለድብርት ትመርመር። ለአያትየው «እማማ፣ እርስዎ ሌሊት ይተኛሉ?» ብሎ መጀመር ይቀላል። የቅሬው ሴቶች በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ልጁን ተራ ገብተው ቢይዙላት ከምክር የበለጠ ይጠቅማታል፤ ተራ የሚገቡት ግን ሁለት የታወቁ ሰዎች ይሁኑ እንጂ ሰፈሩ በሙሉ አይሁን።

በየወሩ በአንድ ደብተር አምስት ነገር ጻፉ፦ ክብደት፣ የክንድ ልክ፣ አዲስ ቃል፣ ስንት ሌሊት ሳይነቃ እንዳደረ፣ ስንት ጊዜ እንደፈነዳ። ፍንዳታው ከሁሉ ዘግይቶ ስለሚቀንስ መሻሻሉን በሱ ብቻ አትለኩ፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚስተካከለው ምግቡና እንቅልፉ ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ አምስቱም ካልተነቃነቁ፣ ወይም ልጁ ራሱን የሚመታ፣ እንስሳ የሚያሠቃይ፣ የጀመረውን ንግግር የተወ ከሆነ፣ ደብተሩን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና ወደ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። ካርድ ከመውጣቱ በፊት የሚጠየቁት የክትባት ካርዱን፣ የተወለደበትን ወርና አሳዳጊ መሆናችሁን የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ ሊሆን ስለሚችል ከቤት ሳትወጡ ያዟቸው።